ሐዲዱ አንድ ነው

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክልኝ? ዘግይቼም ቢሆን እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰህ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ብርዱ ገና አልገባም። ልጆቹ ትምህርት ጀምረዋል።

ይህን እትዬ እንደምታነብልህ አውቃለሁ። እትዬ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢለት፤ የምትዘይው ነገር እንዳይኖር። ሲደክመው አቁሚና ቡናውን ስጪው፣ ያለ ስኳር።

ቅዳሜ ዕለት ባቡር ልንነዳ ሄድን፣ እኔና ማሙሽ። ሳሎን ምንጣፍ ላይ የምነዳትን ትንሽ ባቡር ባለፈው በቪዲዮ አሳይቼህ ነበር፤ ዓይንህ ባይለያትም ድምጿን ሰምተሃል። እንደሷ ዓይነት ያላቸው ሰዎች እዚህ አገር ብዙ ናቸው። አንዱ ከፍራንክፈርት ወጣ ብሎ፣ ታውኑስ ተራራ ሥር ነው የሚኖረው። ጡረታ የወጣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ጓሮውን በሙሉ ሐዲድ ዘርግቶበታል፣ 120 ሜትር ይሆናል። በጽጌረዳው ሥር ያልፋል፣ በቲማቲሙ ጥግ ይዞራል፣ ድንጋይ ክቦ የሠራው ዋሻ ውስጥ ይገባና በዕቃ ቤቱ ጀርባ ይወጣል። አልፎ አልፎ እንደኔ ያሉትን ይጠራል። ሁሉም የየራሱን ባቡር በካርቶን ይዞ ይመጣል፤ ሲነዳ ይውላል።

ማሙሽ ሐዲዱ ለምን እንዲህ እንደጠበበ ጠየቀው። ሰውየው ቁጭ ብሎ አስረዳው። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል 45 ሚሊ ሜትር ነው። ኑረምበርግ የነበረ አንድ አሮጌ የመጫወቻ ፋብሪካ በፈረንጆቹ 1968 ኤል ጂ ቢ ብሎ ያወጣው ነው። ሁሉ ነገር ከእውነተኛው 22.5 ጊዜ አንሶ ነው የሚሠራው። አባዛው እስቲ፣ አባዬ። አንድ ሜትር ይመጣል፣ ትርፉ አንድ ሳንቲም ገደማ ብቻ ነው። ያንተ ሐዲድ ነው፣ ስትነዳበት የኖርከው። ከሌላው ሁሉ ይሄን የመረጥኩት ለዚህ ነበር። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ጠዋቱ ሥራ ነበር። ቅጠል ጠረግን፣ ቀንድ አውጣ ለቀምን፣ ሐዲዱን በጨርቅ ወለወልን። ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በሐዲዱ ስለሆነ ቆሻሻ ካለ ባቡሩ ይቆማል። ማሙሽ ለስምንት ዓመት ልጅ ጎበዝ ሠራተኛ ነው፤ ከኔ ይልቅ አንተን ነው የመሰለው። ጉልበቱን አፈር አስመስሎ ተመለሰ። ደግሞ የፊት ጥርሱ ወልቋል፣ ነግሬሃለሁ መሰለኝ።

አንዲት ሴትዮ በእውነተኛ እንፋሎት የምትሄድ ይዛ መጥታ ነበር። ርዝመቷ ክንድ አይሞላም። በሲሪንጅ የተጣራ ውኃ ሞላቻት፣ ከዚያ ዘይት፣ ከዚያ ጋዝ። ለኮሰቻት። ለአሥር ደቂቃ ያህል ምንም የለም። የግፊት መለኪያዋ ከሸሚዝ ቁልፍ አትበልጥም፤ ሁላችንም አጎንብሰን እሷን እናያለን። ስትነሳ መጀመሪያ ውኃ ተፋች። አንድ ትኩስ ጠብታ እጄ ላይ አረፈ። ከዚያ ሄደች። ሽታውን ብትሸተው! የጋለ ዘይት። በሩ ጀርባ የምትሰቅለው ጃኬትህ ሽታ ነው።

ቡና ስንጠጣ ሰውየው ከየት እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ስላንተ መስመር ነገርኩት። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ከ780 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑን፣ በፈረንጆቹ 1902 ድሬ መድረሱን፣ ከተማዋ ራሷ ከሐዲዱ ጋር መወለዷን። እሱ ደግሞ ሃርትስ የሚባለውን ተራራ ይወዳል። እዚያ እስከ ዛሬ እውነተኛ የእንፋሎት ባቡር በአንድ ሜትር ሐዲድ ብሮከን ጫፍ ድረስ ይወጣል። የላይኛው ጣቢያ ከፍታው 1,125 ሜትር ነው። ድሬ ከዚያ ትበልጣለች ስለው ገረመው፤ ሙቀቷን ነግሬው ነበርና ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ያለች መስላው ነው። ወረቀት አመጣና ጣቢያዎቹን በተራ ጻፍልኝ አለኝ። ደወሌ፣ አይሻ፣ አዲጋላ፣ ድሬዳዋ፣ ሁርሶ፣ ኤረር እያልኩ ሄድኩ። አፍደም ጋ ስደርስ እጄ ቆመ።

አባዬ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ልጽፍልህ ወይስ ልተወው ብዬ ሁለት ቀን አስቤበታለሁ።

ከሰዓት በኋላ በሰዓትና በተራ ነው የሚነዳው። መስመሩ አንድ ነው፤ ሁለት ባቡር በየአቅጣጫው ሲመጣ የሚተላለፉት በአንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ከዋሻው ወዲህ፣ ሐዲዱ ሁለት የሚሆንበት ጋ። ያንን ጣቢያ ለኔና ለማሙሽ ሰጠን። ስም አውጡለት አለን። ከቅድሙ ወረቀት ላይ ወስጄ በካርቶን ጻፍኩ። አፍደም።

ትእዛዙ አጭር ነበር። የወዲያኛው ባቡር ሳይገባ ያንተን እንዳትለቅ።

የእኛ ባቡር መጥቶ ቆመ። ስድስት ፉርጎ ይዟል። የወዲያኛው አልመጣም። ዋሻው ውስጥ ጎማው ከሐዲዱ ወጥቶ ነው፤ ሰዎች ተንበርክከው በእጃቸው እየፈለጉት ነው። አምስት ደቂቃ አለፈ። አሥር ደቂቃ። ማሙሽ እጄን ይጎትታል። ፓፓ፣ በቃ እንልቀቀው፣ ማንም አያይም። አይቻልም አልኩት። ለምን አለኝ። ያልኩትን ሳላስበው ነው ያልኩት፣ ደግሞ በአማርኛ። «ሐዲዱ አንድ ነው።»

ምን ማለት ነው ብሎ ጠየቀኝ። ልመልስለት አልቻልኩም። ጉሮሮዬ ተዘጋ።

ያቺን የካቲት መቼም እኔና አንተ አንረሳትም። 1981። አንተ አፍደም ጭነቱን ይዘህ ቆመህ ነበር። የእትዬ መልእክት ደርሶሃል። እንደደረሰህ አውቃለሁ፤ ጣቢያ ይሠራ የነበረው ሰውዬ ለቅሶ ላይ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ፣ ከድንኳኑ ጀርባ ቆሜ። የመጣኸው በነጋታው ረፋድ ላይ ነው፣ ከነባቡርህ። በሩ ላይ ጠበቅኩህ። ለምን አልመጣህም አልኩህ። ሐዲዱ አንድ ነው አልከኝ። ሌላ ቃል የለም። ጃኬትህን አውልቀህ ሰቀልክ። ከዚያ ሄደህ እጅህን ታጠብክ፣ በሳሙና፣ እስከ ክርንህ።

የ11 ዓመት ልጅ ነበርኩ። እጁን ለመታጠብ ጊዜ ነበረው አልኩ በልቤ። ይኸው እሱን ይዤ 36 ዓመት ኖርኩ።

ቅዳሜ ግን 14 ደቂቃ ብቻ ቆሜ፣ ያውም በመጫወቻ፣ እግሬ መሬት አልረገጠም። ያኔ በመኪና እንኳ መምጣት ይችል ነበር እያልኩ ነበር የማድገው። ባቡሩን ለማን ትቶ? ከወዲያ የሚመጣውስ? እነዚህን ጥያቄዎች አንድ ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም።

ግን አባዬ፣ ካነሳሁት አይቀር ልጨርሰው። ባቡሩ መንቀሳቀስ አልቻለም፣ እሺ። ከዚያ በኋላስ? በማግስቱ፣ በዓመቱ፣ አዲስ አበባ ልማር ስሄድ፣ ወደዚህ ስወጣ አውሮፕላን ጣቢያ ላይ? ያን ሌሊት ምን ስታደርግ እንዳደርክ አንድም ቀን አልነገርከንም። ተኝተህ ነበር? ማን አጠገብህ ነበር? እማዬ ማረፏን እዚያው ነው የሰማኸው ወይስ ድሬ ስትገባ? ቤት ውስጥ ሦስት ሰው ነበርን፤ ሦስታችንም ለየብቻችን አለቀስን። እትዬ፣ ይሄንንም አንብቢለት።

አሁን ደግሞ እኔ የምደብቀው አለኝ።

ሐሙስ አልመጣም። ለቀዶ ጥገናው አልደርስም፣ አባዬ። አዲሱን ሥራ ከያዝኩ አራተኛ ወሬ ነው። የመጀመሪያው ስድስት ወር የሙከራ ነው፤ በዚያ መሃል ሰውን ማሰናበት ቀላል ነው። ፈቃድ ጠየቅኩ፣ አይሆንም አሉኝ። ትቼው ልምጣ ብዬ ትኬት ሁሉ አይቼ ነበር። ከዚያ ኪራዩን አሰብኩ፣ ልጆቹን አሰብኩ፣ ገጹን ዘጋሁት። እትዬ ታውቃለች። ላንተ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ማሙሽ ጥርስ አወራሁ።

ስለዚህ ስማኝ። አስፕሪኗን ሐኪሙ አቁም ካለህ ቀን ጀምሮ እንዳትነካት። የደም ግፊቱን ግን እሱ እንዳለህ ቀጥል፣ በራስህ እንዳታቆም። ከማደንዘዣው በፊት ስኳርህን እንዲለኩህ እትዬ ታስታውሳቸው። በረንዳው ደረጃ ላይ ለሚገጠመው ብረት ብር ልኬ ነበር፤ ተገጠመ? ካልተገጠመ ከሆስፒታል ስትመለስ በጓሮ በር ግባ፣ እዚያ ደረጃ የለም። ሌሊት ሽንት ቤት ብቻህን እንዳትነሳ። ታፍራለህ፣ አውቃለሁ። ለአንድ ሳምንት አትፈር።

ገንዘቡን ዛሬ ልኬያለሁ።

ሌላም የላክሁት አለ። በእትዬ ስልክ ሁለት ድምፅ ቀድቼ ልኬልሃለሁ። ከዚራ ሰፈር፣ በረንዳ ላይ ተቀምጠህ ከሩቅ የሚመጣውን በጆሮህ ብቻ ትለይልን ነበር፤ ይሄ ባዶ ነው፣ ይሄ ጭኗል ትለን ነበር። አንድም ቀን ስትስት አላየሁህም። ሁለቱም ድምፆች የሴትዮዋ ባቡር ናቸው፣ በጽጌረዳው በኩል ያለውን ዳገት ስትወጣ። በአንደኛው ባዶዋን ናት። በሌላኛው የእኛን ስድስት ፉርጎ ቀጥለንላታል። አንተ የነዳኸው ናፍጣ ነው፣ ይሄ እንፋሎት ነው፤ ግን ጭነት መቼም ጭነት ነው። መሃል ላይ የሚጮኸው ማሙሽ ነው፣ ታገሠው።

ሐሙስ ጠዋት ከመግባትህ በፊት እደውላለሁ። የትኛው እንደጫነ ትነግረኛለህ።

ልጅህ