ዴንዘልን ላማህብኝ ልጄ

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃንና ወደ ጠባችን ልግባ።

ስለ አሜሪካዊው ተዋናይ ስለ ዴንዘል ዋሺንግተን «ዴንዘል ድሮ ቀረ፤ አሁን የሚሠራው ለገንዘብ ነው» አልክ አሉ። እህትህ ናት የነገረችኝ። ከጓደኞችህ ጋር ስትሟገቱ፣ የጥቁሮች መብት ታጋዩን ማልኮም ኤክስን የሠራ ሰው እንዴት «ኢኳላይዘር» በሚባል የአክሽን ፊልም ክፍል 3 ላይ ይገኛል ብለህ አፋቸውን አስያዝካቸው አሉ። የእኔን ግን አታስይዝም። ይህን ሰው አንተ ሳትወለድ ጀምሮ ነው የማየው። በስልክ እንዳልነግርህ ታቋርጠኛለህ። ደብዳቤ ይሻላል፤ እስክጨርስ ዝም ማለትህ አይቀርም። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ፤ ፊልሞቹ የሚታወቁት እንደዚያ ስለሆነ።

ክርክራችሁን አልናቅኩትም። አድናቂ ሁሉ ያነሳዋል። ሰው የሚወደውን ተዋናይ እንደ ንብረቱ ነው የሚያየው። ልቡ ከገባው ፊልም ንቅንቅ እንዲልበት አይፈልግም። አንተ ማልኮም ላይ ቆመሃል፣ ዴንዘል ግን መሄድ ነበረበት።

እኔ ተዋናይን ስመዝን መጀመሪያ የማየው እምቢ ያለውን ነው። ዴንዘል ራሱ የሚያወራው አንድ ታሪክ አለ። ገና ስሙ ሳይገን 600,000 ዶላር የሚከፈልበት ፊልም መጣለት። ፊልሙ ጥቁሮችን መሳቂያ የሚያደርግ ዓይነት ነበር። ግራ ቢገባው ሲድኒ ፖይቲየርን አማከረ። ፖይቲየር በ1964 የምርጥ ተዋናይ ኦስካርን የወሰደ የመጀመሪያው ጥቁር ነው፤ መንገዱን ቀድሞ ሄዶበታል። የመለሰለት ነገር አጭር ነው፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ፊልሞችህ ናቸው ሰው አንተን የሚያይበትን ዓይን የሚወስኑት። ዴንዘል ፊልሙን ተወው። ብዙም ሳይቆይ «ክራይ ፍሪደም» መጣ። የደቡብ አፍሪካውን የፀረ አፓርታይድ ታጋይ ስቲቭ ቢኮን ሆኖ ተጫወተ፣ ፊልሙ በ1987 ወጣ፣ የመጀመሪያውን የኦስካር ዕጩነት አገኘ።

ሰዎች ይህን ሲያወሩ ጀግንነቱ ላይ ብቻ ይቆማሉ። እኔን የሚገርመኝ ሒሳቡ ነው። በዚያን ጊዜ ዴንዘል ቋሚ ሥራ ነበረው። ከ1982 እስከ 1988 «ሴንት ኤልስዌር» በሚባል የሆስፒታል ተከታታይ ድራማ ላይ ዶክተር ፊሊፕ ቻንድለርን ሆኖ ይሠራ ነበር። ቋሚ ገቢ ያለው ሰው እምቢ ለማለት አቅም አለው። በእኔ ግምት ዴንዘል ይህን ትምህርት ዕድሜ ልኩን አልረሳውም። እንጀራ የሚያስገኘው ሥራ ልብ የሚያስገኘውን ሥራ እንደሚሸከም ያወቀው ያኔ ነው። ይህን ያዝልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

«ግሎሪ»ን አይተኸዋል? ካላየኸው ክርክሩን አቁም። 1989 ነው የወጣው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ስለተዋጋ የጥቁሮች ክፍለ ጦር ነው። ዴንዘል ትሪፕ የሚባል ከባርነት ያመለጠ ወታደር ነው። ጫማ ፍለጋ ከጦር ሰፈሩ ይወጣል፤ ከድተሃል ተብሎ ሊገረፍ ይቀርባል። ልብሱን ሲገፉት ጀርባው ቀድሞውኑ በግርፋት ጠባሳ የተሞላ ነው። ጅራፉ ሲያርፍበት አይጮኽም፣ አይለምንም። አዛዡን ትክ ብሎ ያየዋል። ከዚያ አንዲት እንባ ጉንጩ ላይ ትወርዳለች። ያቺን እንባ ሺህ ሰው ተንትኗታል፤ እኔም ልጨምርበት። እልሁ ፊቱ ላይ አለ፣ እንባው ግን ሳያስፈቅደው ነው የወጣው። ሁለቱን በአንድ ፊት መያዝ ለሁሉም ተዋናይ አይሰጥም። ለዚህ የረዳት ተዋናይ ኦስካር ወሰደ።

«ማልኮም ኤክስ» ላይ አንጣላም። ግን አንተ የማታነሳው ነገር አለ። ማልኮምን መጀመሪያ የተጫወተው በፊልም አይደለም፤ በ1981 በመድረክ ተጫውቶታል። ስለዚህ በ1992 ካሜራ ፊት ሲቆም ሰውየውን ከአሥር ዓመት በላይ ያውቀዋል። ፊልሙም ገንዘብ አልቆበት ነበር። ዳይሬክተሩ ስፓይክ ሊ ኦፕራን፣ ማይክል ጆርዳንን፣ ማጂክ ጆንሰንን፣ ፕሪንስን የመሳሰሉ ጥቁር ባለ ሀብቶችን ለምኖ ነው ከዳር ያደረሰው። ኦስካሩን ግን አል ፓቺኖ ወሰደው። እስካሁን ያናድደኛል። ፓቺኖን እወደዋለሁ፣ ይህ ግን ሌላ ነው።

ከዚያ በ2001 «ትሬኒንግ ደይ» መጣ። አሎንዞ የሚባል ሌባና ነፍሰ ገዳይ ፖሊስ ሆነ። የምርጥ ተዋናይ ኦስካርን የወሰደው በእሱ ነው። ብዙ አድናቂ «ለማልኮም የነፈጉትን ለወንበዴ ሰጡት» ብሎ አዘነ። ሐዘኑ ይገባኛል፤ ግን ሥራውን እንደ ካሳ ማየት ግፍ ነው። አሎንዞ ሲስቅ አብረኸው ትስቃለህ፣ ከዚያ በምን እንደሳቅክ ታፍራለህ። ደግሞም ዴንዘል ክፋቱን በዝምታ አላሳለፈውም። የፊልሙ ጽሑፍ ላይ «የኃጢአት ደመወዝ ሞት ነው» ብሎ ጽፎ እንደነበር ተናግሯል። ሰውዬው እንዲህ ክፉ ሆኖ ከኖረ አሟሟቱም የከፋ ይሁን ብሎ መጨረሻው እንዲጠነክር ገፋፍቷል። አባቱ ሰባኪ ነበሩ፤ ነገሩ ከየት እንደመጣ አይጠፋህም። በዚያው የ2002 ምሽት ፖይቲየርም የክብር ኦስካር ተቀበለ። ምክር የሰጠው ሽማግሌና ምክሩን የሰማው ወጣት በአንድ መድረክ። ሃሊ ቤሪም የምርጥ ተዋናይት ሽልማትን ያገኘችው ያን ቀን ነው።

አሁን ወደ «ለገንዘብ ነው የሚሠራው» ልመለስልህ።

አክሽን ፊልሞቹን ብቻ አትቁጠር። የመድረክ ሥራዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። በ2010 በጸደይ በኒው ዮርኩ የቴአትር መንደር በብሮድዌይ «ፌንስስ» የሚባል ቴአትር ሠርቶ ትልቁን የቴአትር ሽልማት ቶኒን ወሰደ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ባቡር የሚያሳድድበት «አንስቶፐብል» ወጣ። በ2014 «ኤ ሬይዚን ኢን ዘ ሰን»ን በመድረክ ተጫወተ፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ የመጀመሪያው «ኢኳላይዘር» ወጣ። በ2018 የዩጂን ኦኒልን «ዘ አይስማን ካሜዝ» ሠራ፤ ወደ አራት ሰዓት የሚጠጋ ቴአትር ነው፣ ምላስ ያደክማል። በዚያው ዓመት «ኢኳላይዘር 2» ወጣ። በ2025 ደግሞ ኦቴሎን በብሮድዌይ፣ ከስፓይክ ሊ ጋር ደግሞ «ሃየስት ቱ ሎወስት»ን። አየህ? አንተ የወረደበትን ዓመት ስትቆጥር እሱ ማታ ማታ መድረክ ላይ ነበር። ያ የሆስፒታል ድራማ ያስተማረው ነገር ይኸውልህ። አንዱ ሥራ ሌላውን ይሸከማል።

ሌላም ልንገርህ። «ኢኳላይዘር 2» በሕይወቱ የሠራው የመጀመሪያው ተከታይ ፊልም ነው። ዕድሜው ከስልሳ ካለፈ በኋላ ማለት ነው! እስከዚያ ድረስ የትኛውንም ገጸ ባሕርይ በፊልም ደግሞት አያውቅም። የሚደጋግመው ሰዎችን ነው። ከዳይሬክተሮቹ ከስፓይክ ሊ ጋር አምስት፣ ከቶኒ ስኮት ጋር አምስት፣ ከአንትዋን ፉኳ ጋር አምስት ፊልም ሠርቷል። ከሚያምነው ሰው ጋር ተመልሶ ይሠራል። ፉኳ ማለት ደግሞ «ትሬኒንግ ደይ»ን የሠራው ነው። ስለዚህ «ኢኳላይዘር»ን ያመጣብህ ሰውና ኦስካሩን ያመጣለት ሰው አንድ ናቸው።

እስቲ ያንኑ የናቅከውን «ኢኳላይዘር» ከመጀመሪያው ክፍል እንየው። ዴንዘል የሚጫወተው ሮበርት ማኮል ሌሊት ካፌ ይገባል። የሻይ ቅጠሉን በናፕኪን ጠቅልሎ ከቤቱ ያመጣል። ማንኪያውን ያስተካክላል፣ መጽሐፉን በልኩ ያስቀምጣል። ገና አንድ ቡጢ አልተሰነዘረም። አንተ ግን ይህ ሰው ብቸኛ እንደሆነ፣ እንቅልፍ እንዳጣ፣ አንድ ነገር ከእጁ እንዳያመልጥ እንደሚፈራ ታውቃለህ። በአንድ ናፕኪን! ሌላ አክተር ቢሆን ቶሎ ወደ ድብድቡ ይሮጥ ነበር። ሦስተኛው ክፍል ይደክማል ካልከኝ እሺ፣ አልከራከርህም። ሰውየው ግን ሥራውን አልናቀም።

ምርጫው ሁሉ ልክ ነው አላልኩም። «ሰቨን»ን በጣም ጨለማ ነው ብሎ ትቶት ብራድ ፒት ሠራው። «ማይክል ክሌይተን»ን ደግሞ ዳይሬክተሩ ጀማሪ ስለሆነ ፈርቶ ተወው፤ ጆርጅ ክሉኒ ገባበትና ለኦስካር ታጨበት። ዴንዘል ራሱ ተሳስቻለሁ ብሏል። ደስ የሚለኝ ሳያድበሰብስ መናገሩ ነው።

አሁን ልቤ ወዳለበት ልምጣ። «ፌንስስ»። ኦገስት ዊልሰን የጻፈው ቴአትር ነው። ዊልሰን ለሃያኛው ክፍለ ዘመን ለእያንዳንዱ አሥር ዓመት አንድ አንድ ቴአትር ጽፏል፣ በድምሩ አሥር። ዴንዘል እነዚህን ሁሉ ወደ ፊልም አመጣለሁ ብሎ ተነሣ። «ፌንስስ»ን በ2016 ራሱ አዘጋጀው፣ ራሱም ተጫወተበት። ትሮይ የሚባል አባት ነው። ኃይለኛ ነው፣ ተጫዋች ነው፣ ቤቱን ያስተዳድራል፣ ቤቱንም ያፈርሳል። አንድ ቦታ ላይ ልጁ ለምን ወድደኸኝ እንደማታውቅ ንገረኝ ይለዋል። አባትየው እቅፍ አድርጎ አያባብለውም። የማበላህ፣ የማለብስህ ግዴታዬ ስለሆነ ነው፤ ልወድህ ይገባል የሚል ሕግ የት አለ? ይለዋል፣ በእኔ አነጋገር። ሌላ ኮከብ ቢሆን እዚህ ጋ ዓይኑን አለስልሶ ተመልካቹን ይለማመጥ ነበር። ዴንዘል አልተለማመጠም። እንድንጠላው ፈቀደልን። ልጁ እንዲያሸንፍ፣ ሚስቱ እንድትበልጠው ቦታ ለቀቀላቸው። ሚስቱን የተጫወተችው ቫዮላ ዴቪስ ኦስካር ወሰደች፣ እሱ ባዶ እጁን ተመለሰ። ለእኔ ከማልኮምም የሚበልጥብኝ ይህ ነው። ማልኮም የሚወደድ ሰው ነው፤ ትሮይን ለመጫወት ግን ለመወደድ ያለህን ጉጉት መጣል አለብህ። የኮከብ ሀብቱ ደግሞ እሱ ነው።

ከዚያ ከእነዚሁ ከዊልሰን ቴአትሮች በ2020 «ማ ሬይኒስ ብላክ ቦተም»ን ፕሮዲውስ አደረገ። በ2024 «ዘ ፒያኖ ሌሰን» ወጣ። እሱን ያዘጋጀው ልጁ ማልኮም ነው፤ ሌላው ልጁ ጆን ዴቪድ ተጫወተበት። አዎ፣ የልጁ ስም ማልኮም ነው። እኔ እንኳ አንተን ዴንዘል ልልህ አስቤ አባትህ ነው የከለከለኝ።

«ግላዲያተር 2»ን ሳልረሳ። በ2024፣ ሰባ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ማክሪነስ የሚባል ሴረኛ ሆኖ መጣ። ቀሚሱን እያወዛወዘ፣ ቀለበቶቹን እያሳየ፣ እየተዝናና። ዋናው ተዋናይ ሰይፍ ይዞ ሲሮጥ የእኔ ዓይን የት ነበር መሰለህ? ደከመው የሚባል ሰው እንዲህ አይጫወትም።

ስለዚህ የቤት ሥራ ልስጥህ። በአንድ ምሽት ሁለት ነገር እይልኝ፦ የ«ፌንስስ»ን የአባትና የልጅ ትዕይንት፣ ከዚያ የ«ኢኳላይዘር»ን የካፌ ትዕይንት። ስልክህን አስቀምጠህ እይ። ጓደኞችህንም ጥራቸው። ካያችሁ በኋላ ደውልልኝና «ተሸጧል» በለኝ፣ እሰማሃለሁ። ይህን ጊዜ አንተን እኔ አቋርጥሃለሁ።

«ዘ ማግኒፊሰንት ሰቨን»ን ግን እንዳታነሳብኝ። እሱን እኔም አልከላከልለትም።

የምትወድህ
እናትህ