አርባ ገጹን ተዪው

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ቤተሰብሽ ሁሉ ደህና? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። መጀመሪያ የጠፋችው ማን ናት የሚለውን ክርክር ስንገናኝ እንጨርሰዋለን (አንቺ ነሽ)።

ብዕር ያስነሣኝ ጌም ማስተርነቱን፣ ያንን እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ካራክተር (ገጸ ባሕርይ) ሆኖ በንግግር ታሪክ የሚፈጥርበትን ጨዋታ ማጫወቱን፣ እርግፍ አድርገሽ መተውሽን መስማቴ ነው። «ዝግጅቱ ጨረሰኝ» ብለሻል አሉ። ይህን ሰምቼ እንዴት ዝም ልበል?

አልፈርድብሽም። ደብተሮችሽን አይቻቸዋለሁ እኮ! የንጉሡ የዘር ሐረግ፣ የዋሻው ካርታ፣ ከሃዲው ሚኒስትር መጨረሻ ላይ የሚያደርገው ንግግር ሳይቀር ተጽፎ ያደረ። ከዚያ ተጫዋቾቹ ገና ጨዋታው ሳይሞቅ ሚኒስትሩን ይጠረጥሩና ሊገድሉት ይነሣሉ። አርባ ገጽ እንዳይቃጠልብሽ ጠባቂ ትጠሪያለሽ፣ በር ትዘጊያለሽ፣ ሰይፉ ይስታል። እነሱም ሞኝ አይደሉም፤ የሚያደርጉት ሁሉ ለውጥ እንደማያመጣ ሲገባቸው ስልካቸውን ማየት ይጀምራሉ። ያደከመሽ ይሄ ትግል ይመስለኛል።

እኔ አሁን ሰዎችን ብቻ አዘጋጃለሁ። ሦስት አራት ሰው፣ እያንዳንዳቸው ምን እንደሚፈልጉ፣ ማንም ባይነካቸው ነገ ምን እንደሚያደርጉ። ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። ለምሳሌ የወደቡ ሹም ከአበዳሪዎቹ ማምለጥ ይፈልጋል። እህቱ ሹመቱን ትፈልጋለች። ጀልባ ቀዛፊው የጠፋ ወንድሙን ይፈልጋል። ሹሙን ገና ሲያዩት ቢገድሉትስ? ይግደሉት! እህቱ ወንበሩን ያለ ድካም አገኘች፣ አበዳሪዎቹ ደግሞ ገንዘባቸውን ከገዳዮቹ ሊጠይቁ ይመጣሉ። እኔም ከእነሱ እኩል ቀጥሎ የሚሆነውን ለማወቅ እጓጓለሁ።

ቀዛፊውን ያነሣሁት በምክንያት ነው። በቡድናችን ውስጥ ካልጠየቁት የማይናገር አንድ ልጅ አለ። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ወደ እሱ ዞርኩና «ይሄ ሰውዬ ያውቅሃል፣ ገና ሲያይህ ፊቱን አዞረ። ምን አድርገኸው ነው?» አልኩት። ዳይሱን መዳፉ ላይ እያንከባለለ ቆየና «ወንድሙን የቀበርኩት እኔ ነኝ። የት እንደሆነ ግን ነግሬው አላውቅም» አለ። አጠገቡ ያለችው ተጫዋች «እንዴ! ለእኛስ መቼ ልትነግረን ነበር?» ብላ ጮኸች። በካራክተሯ አንደበት ይሁን በራሷ እስካሁን አልገባኝም። ወረቀቴ ላይ «ወንድሙ ጠፍቷል» ከሚል በቀር ምንም አልነበረም። ክፍተቱን የተውኩት ሆን ብዬ ነው፤ መቃብር ይገባበታል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ከዚያ ልጁ ምስጢሩን ሳያወጣ ቀዛፊውን አግባብቶ ሊሻገር ሞከረ። የምንጫወተው እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው አፖካሊፕስ ወርልድ የተባለ ጨዋታ ባስለመደው መንገድ ነው። ሁለት ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ትጥያለሽ፣ የካራክተርሽን ነጥብ ትደምሪያለሽ። 10 እና ከዚያ በላይ ከመጣ ያሰብሽው ሆነልሽ። ከ7 እስከ 9 ከሆነ ይሳካል፣ ግን ያስከፍልሻል። 6 እና ከዚያ በታች ከሆነ ተራው የአጫዋቹ ነው፣ ነገሩን ያከብደዋል። ስሌቱን ብታዪው ትወጂዋለሽ፦ ነጥብሽ +1 ከሆነ ዳይሱ ሊያርፍ ከሚችልባቸው 36 መንገዶች 10ሩ ሙሉ ስኬት፣ 10ሩ ውድቀት፣ 16ቱ ያ መሐለኛው ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚደርስሽ «አዎ፣ ግን» ነው ማለት ነው፤ ታሪኩን የሚገፋውም ያ «ግን» ነው። ለልጁ 8 መጣለት። ቀዛፊው «አሻግራችኋለሁ፤ ስትመለሱ ግን ወንድሜ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ትጠቁሙኛላችሁ» አለ። ያንን ሰው ጀልባው ላይ አስቀምጦ እየቀዘፈ መሆኑን ከእሱ በቀር ሁላችንም እናውቃለን። ይህን ብቻዬን ቁጭ ብዬ ብጽፈው አይመጣልኝም ነበር።

ጥያቄሽ ግን ጠባብ ይሁን። «ክፍሉ ውስጥ ምን አለ?» ካልሻቸው ይደርቃሉ፣ ወይም አንዱ አፈ ቀላጤ ሁሉንም ይሞላልሻል። «ከዚህ ክፍል ባለፈው የሰረቅሽው ነገር ምንድን ነው?» ካልሽ ግን መልሱ ግማሹ ጥያቄው ውስጥ አለ። ካራክተሩ የሚያውቀውን፣ የኖረበትን፣ የሚያፍርበትን ጠይቂ። የእንቆቅልሹን መፍቻ ግን ከፈቺው እንዳትጠይቂ። ገዳዩን እያሳደደ ያለን ሰው «ገዳዩ ማነው?» ብለሽ ካስመረጥሽው ፍለጋው እዚያው ሞተ። ማንም ራሱ የደበቀውን ራሱ ሲያገኝ አይደሰትም።

«አዎ፣ እና» የሚባለውን፣ ጓደኛሽ ያለውን ተቀብለሽ የራስሽን ጨምሪበት የሚለውን የቲያትር ሰዎች ደንብ ሳትሰሚ አትቀሪም። ጥሩ ነው፣ ግን ከልክ በላይ ተወድሷል ባይ ነኝ። የተባለውን መቀበል ሌላ፣ የተጠየቀውን ሁሉ መስጠት ሌላ። የመንደር ምስጢር ለመጫወት ተስማምተን አንዱ «እኔ ዘንዶ ነኝ» ቢል መልሴ አይሆንም ነው፤ እሱን እሺ ማለት የሌሎቹን ሐሳብ እንቢ ማለት ነውና። ስለዚህ ከመጀመራችን በፊት ምን ዓይነት ታሪክ እንደምንፈልግ፣ ምን ጨርሶ እንዳይነሣ እንደምንፈልግ እንነጋገራለን። ኤክስ የተጻፈበት ካርድም መሐል ላይ ይቀመጣል። ከአፋችን የሚወጣውን አስቀድመን ስለማናውቅ ያልታሰበ ነገር ሰውን ሊነካ ይችላል። የከበደው ሰው ካርዱን ነካ ያደርጋል፣ ለምን ሳይባል ያንን ትተን እናልፋለን።

ይሄ ዘንድሮ የመጣ ፋሽን እንዳይመስልሽ ደግሞ። የዚሁ ዓይነት ታዋቂ ጨዋታ የሆነው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ እ.ኤ.አ. በ1974 ከመውጣቱ በፊት፣ በ1969፣ ዴቪድ ዌስሊ የሚባል አሜሪካዊ ብራውንስታይን በምትባል ምናባዊ የጀርመን ከተማ ላይ የናፖሊዮን ዘመን የጦርነት ጨዋታ አሰናድቶ ነበር። ለከንቲባው፣ ለባንክ ባለቤቱ፣ ለዩኒቨርሲቲው ኃላፊ የየራሳቸውን ዓላማ ሰጣቸው። ጦርነቱ ሳይጀመር ተጫዋቾቹ ከተማዋን አተራመሷት፤ ሁለቱ እንፋለማለን ሲሉት ለፍልሚያ ደንብ ስላልነበረው እዚያው ፈጠረ። እሱ ጨዋታው ከሸፈ ብሎ አዘነ። እነሱ ድገምልን አሉት። ከዚያ ቡድን የነበረው ዴቭ አርነሰን ነው በኋላ ከጋሪ ጋይጋክስ ጋር ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን የሠራው።

የማልጥላቸው ትንንሽ ነገሮችም አሉ። የስም ዝርዝር አጠገቤ ይኖራል፤ ለአንድ ሰው ስም ፍለጋ «እእእ» ካልሽ ሰውዬው እንደማይረባ ወዲያው ያውቁብሻል። የሚመጣውን አደጋ በሰዓት እይዘዋለሁ፦ ክብ እሥልና ለአራት ወይም ለስድስት እከፍለዋለሁ፣ ነገር በተበላሸ ቁጥር አንዱን ክፍል አጠቁራለሁ። ሁሉም እያዩት ሲሞላ ከየትኛውም ንግግር በላይ ያስደነግጣል። ስንጨርስ ደግሞ እነሱ የፈጠሩትን ሳላድር እጽፋለሁ። መቃብሩ አሁን የዓለሙ እውነት ነው፤ ረስቼው በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ነገር ብናገር ሁለተኛ አያምኑኝም።

አንድ ነገር አልዋሽሽም፤ እንዲህ ማጫወት ዝግጅቱን ይቀንሳል እንጂ ድካም የለውም ማለት አይደለም። ሦስት ሰዓት ሙሉ ጆሮሽን አቁመሽ ማዳመጥ አለብሽ። የእኔ ደካማ ጎን ፍልሚያ ነው፣ ቶሎ ይሰለቸኝና እቸኩላለሁ። አንቺ ግን እዚያ ላይ የሚስተካከልሽ የለም።

ስለዚህ ልመናዬ ይኸውና። የወደቡ ታሪክ ሊያልቅ ነው፤ ቀጣዩን አንቺ አጫውቺን። እኔ አንድ ጊዜ እንኳ ተጫዋች ሆኜ ልቀመጥ። ግማሽ ገጽ ይዘሽ ነይ፣ ከዚያ በላይ ካመጣሽ እቀማሻለሁ። ካራክተሬን ከወዲሁ አስቤአለሁ፦ ከሠራዊት የከዳች ሐኪም። ለምን እንደከዳች ግን ሆን ብዬ አልወሰንኩም፤ ስትመጪ ጠይቂኝ። የሚመችሽን ቀን ጻፊልኝ፣ ሌሎቹን እኔ እሰበስባቸዋለሁ።

ያንቺው