ቁልፉ አንዴ ከተንሸራተተ ቆም ይባል

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፤

ስለ መኪና ጥገና ሲጻፍ የሚነሣው ዘወትር ስለ ዘይት ቅያሪ፣ ስለ ፍሬን ሸራና ስለ ባትሪ ነው። ጋራዥ ውስጥ ግን የግማሽ ሰዓት ሥራ ቀኑን ሙሉ የሚፈጀው ብዙ ጊዜ በአንድ ግግም ባለ ብሎን ምክንያት ነው። ስለዚህ ጉዳይ የሚጻፍ ነገር እምብዛም ስለማይገኝ፣ ባለሙያውም መኪናውን ራሱ የሚፈታ ባለንብረትም እንዲያነበው ይህን ደብዳቤ ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል።

ዝገት ብሎንን ያጣብቃል እንጂ የብሎኑን ራስ አይልጠውም። የሚልጠው የእኛው እጅ ነው። ቁልፉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲንሸራተት ብሎኑ ገና ደህና ነው፤ ጠርዙ ትንሽ ቢነካም ሊይዝ ይችላል። «እስቲ አንዴ ልጨምርለት» ተብሎ በዚያው ቁልፍ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ሲሞከር ነው ስድስት ማዕዘኑ ክብ የሚሆነው። ስለዚህ በመጀመሪያው መንሸራተት ቁልፉን አውጥቶ ምክንያቱን መፈለግ ግድ ነው።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የልክ ጉዳይ ነው። የኤም 10 ብሎን (ጥርሱ ያለበት ግንድ ውፍረቱ 10 ሚሊሜትር የሆነው) ራስ እንደተሠራበት ደረጃ 14፣ 16 ወይም 17 ሚሊሜትር ሊሆን ይችላል፤ የኤም 8ም እንዲሁ 12 ወይም 13። በዓይን ገምቶ ቁልፍ ማንሣት እዚህ ላይ ያሳስታል። የኢንች ቁልፍ ሲቀላቀልበት ደግሞ ይብሳል። ግማሽ ኢንች ማለት 12.7 ሚሊሜትር ነው፤ 13 ላይ አይገባም፣ 12 ላይ ግን በ0.7 ሚሊሜትር ክፍተት ዘው ይላል። ራሱ የሚላጠው በዚያች ክፍተት ነው። ሩብ ጎድሎ አንድ ኢንች ግን 19.05 ሚሊሜትር ስለሆነ በ19 ቦታ ቢገባ ችግር የለውም። ስለዚህ በልምድ ከማመሳሰል መለካት ይሻላል።

ሶኬቱም ባለ 6 ማዕዘን ይሁን። ባለ 12ቱ ለጠባብ ቦታ ምቹ ቢሆንም የሚጫነው ጠርዙ አጠገብ ነው፤ ባለ 6ቱ ጎን ጎኑን ስለሚይዝ ጠርዙን አይበላም። ከሁሉ በፊት ግን ራሱ ላይ ያለው ዝገት፣ ቀለምና ጭቃ በሽቦ ብሩሽ ተጠርጎ ሶኬቱ በመዶሻ መታ መታ ተደርጎ እስከ ታች መግባት አለበት። ራሱ ውስጥ ጉድጓድ ያለው ብሎን ከሆነ ጉድጓዱ በሚስማር ይጸዳ፤ ቁልፉ ቆሻሻ ላይ ተቀምጦ ግማሹን ብቻ ሲይዝ ነው ውስጡ የሚፈጨው። አቅጣጫውንም ማረጋገጥ ነው። አንዳንድ የከባድ መኪና የግራ ጎማ ዳዶዎችና አንዳንድ የማራገቢያ ዳዶዎች የሚፈቱት ወደ ቀኝ ነው።

አሁን ቁልፍን ለማስረዘም ወደሚሰካው ቱቦ ልምጣ፤ የሚያሳስበኝ እሱ ነውና። ኤም 8 ሆኖ ራሱ ላይ 8.8 የሚል የጥንካሬ ደረጃ የተጻፈበት ብሎን በተለምዶ የሚጠብቀው በ25 ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዣ ጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ነው። ለዚህ በ25 ሳንቲሜትር ቁልፍ ጫፍ ላይ የ10 ኪሎ ያህል ጉልበት ይበቃል። ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክተን ርዝመቱን 75 ሳንቲሜትር ብናደርሰው ያው ጉልበት 75 ኒውተን ሜትር ይሆናል፤ ብሎኑ እዚያ ሳይደርስ ተበጥሷል። ቱቦ ለጎማ ዳዶና ለመሳሰሉት ወፋፍራሞች ይሁን እንጂ ከኤም 10 በታች ላለው ብሎን መድኃኒት አይደለም።

መድኃኒቱ ዘይት፣ ምትና ጊዜ ነው። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ በብሎኑና በዳዶው ጥርሶች መካከል እንደ ሽብልቅ ይወጠራል። ለዚህ የሚሆነው ለዝገት ተብሎ የተሠራው ሰርጎ ገብ ዘይት ነው። ከሌለ አሴቶንና የአውቶማቲክ ማርሽ ዘይት እኩል በእኩል ተቀላቅሎ ያገለግላል፤ ሁለቱ ስለሚለያዩ በየጊዜው መናጥ አለባቸው፣ ቀለምና ፕላስቲክም እንዳይነኩ። የሚቻል ከሆነ ማታ ተቀብቶ ጠዋት፣ ካልሆነም በየሩብ ሰዓቱ እየተደጋገመ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ይቆይ። በመካከሉ የብሎኑን ራስ በመዶሻ በቀጥታ ደርዘን ያህል ጊዜ መምታት ዝገቱን እየሰነጠቀ ለዘይቱ መንገድ ይከፍታል። የአሉሚኒየም አካል ላይ ግን ምቱ ይቅለል፤ ይሰነጠቃልና። ፍሬን አካባቢ ደግሞ ዘይቱ ሸራውንና የጎማ ክፍሎቹን እንዳይነካ ይሸፈን።

ከዚያ መጀመሪያ ወደ መፍታት አይደለም፤ ትንሽ ወደ ማጥበቅ ነው። ዝገቱ በየትኛውም አቅጣጫ ቢላቀቅ ተላቋል። አንዴ ከተነቃነቀ ሩብ ዙር ፈትቶ፣ ሲከብድ ስምንተኛ ዙር መልሶ፣ ዘይት ጨምሮ እንደገና መፍታት ነው። እጅ የሚያውቀው ነገርም አለ። ብሎን ሲለቅ ድንገት «ቋ» ብሎ ጥርት ያለ ድምፅ ያሰማል። ሊበጠስ ሲል ግን ድምፅ የለውም፤ ቁልፉ ይዞራል፣ ግን እንደ ማስቲካ እየተለጠጠ ለስለስ ይላል፤ ሲለቁትም ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህ ስሜት ሲመጣ ዝገቱ እየለቀቀ ሳይሆን የብሎኑ አንገት እየተጠማዘዘ ነው። እዚያው ቆሞ ወደ እሳት መሄድ ያስፈልጋል።

እሳት የሚነደው በውጪው ክፍል ላይ ነው፤ በዳዶው ወይም ብሎኑ በገባበት አካል ላይ። ውጪው ሲሰፋ ውስጡን ይለቃል። በ10 ሚሊሜትር ዳዶ ላይ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ብንጨምር ቀዳዳው የሚሰፋው 0.036 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ቢሆንም የዝገቱን ጥብቅነት ለመስበር ይበቃል። ትኩሱን ጥርስ በሻማ ሲነኩት ሰሙ ቀልጦ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ይህ ቀላል ዘዴ ብዙ ብሎን አድኗል። ብሎኑ ጥርሱ ላይ በሚቀባ ኃይለኛ ማጣበቂያ የተያዘ ከሆነ ደግሞ ማጣበቂያው የሚለሰልሰው 250 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ስለሆነ ያለ ሙቀት መታገል ልፋት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄው ከሁሉም ይበልጣል። አሉሚኒየም ከመቅለጡ በፊት እንደ ብረት አይቀላም፤ ምልክት ሳይሰጥ ይወርዳል። ከነዳጅ ታንክና መስመር፣ ከፍሬን ጎማና ከታሸገ አሞርታይዘር አጠገብ ነበልባል አይለኮስም። አሴቶን ወይም ሌላ ተቀጣጣይ ዘይት የተቀባው ቦታ ተጠርጎና ደርቆ ካልሆነ አይሞቅም። ክሎሪን ባለው የፍሬን ማጽጃ የተረጨ ብረት ሲሞቅ ወይም ሲበየድ ፎስጂን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይወጣዋል፤ ይህ ማጽጃ የነካው ብረት ላይ እሳት ጨርሶ አይቀርብም።

ራሱ ከተላጠም ተስፋ አይቆረጥም። 13 የነበረ ራስ ከሆነ ባለ 6 ማዕዘን 12 ሶኬት በመዶሻ ተመትቶ ይገባበታል፤ ካልገባ ሁለት ጎኑ በሞረድ ተስተካክሎ ክፍት አፍ ቁልፍ ይይዘዋል። ውስጡ ጠመዝማዛ ጥርስ ያለው የላጣ ብሎን መፍቻ ሶኬት ካለ ከሁሉም ይሻላል፤ በተጎተተ ቁጥር ይበልጥ ይነክሳልና። ቦታው ሲፈቅድ ባለ መቆለፊያ ፒንሳ፣ ሳይፈቅድ ደግሞ መሮ፦ ራሱ ጠርዝ ላይ ጭረት ተከፍቶ ወደሚፈታበት አቅጣጫ በአግድም መምታት። ሁሉም እምቢ ካለ የብሎኑን ራስ በግራይንደር ወይም በትራፓኖ ማንሣት አለ። ብዙ ሰው ይህን ይፈራል። ራሱ ሲነሣ ግን ክፍሉን የሚጨብጠው ውጥረት ይጠፋል፤ ክፍሉ ከተነሣ በኋላ የቀረው ግንድ አንዳንዴ በፒንሳ ብቻ ይወጣል።

የተበጠሰ ብሎን ላይ ብዙ ባለሙያ ወዲያው የሚያነሣው ወደ ተሰረሰረ ቀዳዳ የሚገባውን ጠመዝማዛ ብሎን ማውጫ ነው። እኔ መጨረሻ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ሙሉ ውፍረት ያለውን ብሎን የበጠሰ ዝገት ከብሎኑ በቀጠነ ማውጫ እንዴት ይፈታል? ማውጫው በጣም የጠነከረ ብረት ስለሆነ ውስጥ ሲሰበር ተራ ፑንታ አይበሳውም፤ ትንሹ ችግር ትልቅ ይሆናል። ከእሱ በፊት ዳዶ በግንዱ ላይ አስቀምጦ በዳዶው ቀዳዳ ውስጥ መበየድ ይሻላል። ብየዳው መያዣ ከመስጠቱ ሌላ ግንዱን ከውስጥ ያግለዋል፤ ቅላቱ ጠፍቶ ትንሽ ሲበርድ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያወዛወዙ ማውጣት ነው። የመኪናው ባትሪ አስቀድሞ ይነቀል።

መሰርሰር የግድ ከሆነ መሀሉ በትክክል ተመትቶ በ3 ሚሊሜትር ፑንታ ይጀመር፤ በግራ የሚዞር ፑንታ ከተገኘ ደግሞ እየበሳ ሳለ ብሎኑን ይዞ ሊወጣ ይችላል። ጥርሱን ማዳን ካልተቻለ ለኤም 6 በ5፣ ለተለመደው ኤም 8 በ6.8፣ ከጥርስ ጥርስ ያለው ርቀት 1.5 ሚሊሜትር ለሆነው ኤም 10 ደግሞ በ8.5 ሚሊሜትር ፑንታ ተሰርስሮ ጥርስ ይወጣለታል። ፑንታው ከመሀል ወጥቶ አሉሚኒየሙን ከበላ ግን ቀዳዳው ሰፍቶ ከጥቅል ሽቦ የተሠራ ምትክ ጥርስ ይገባበታል፤ በትክክል ከተሠራ ከመጀመሪያው የሚያንስ አይደለም።

የፍሬን ማስተንፈሻ ብሎን (ከፍሬን መስመር አየር የሚወጣበት) እና የፍሬን ቱቦ ዳዶ ለብቻቸው ይታዩ። ማስተንፈሻው ውስጡ ክፍት ስለሆነ በቀላሉ ይበጠሳል። ለቱቦው ዳዶ ደግሞ ቱቦውን የሚያሳልፍ ክፍተት ያለው ቀለበት ቁልፍ አለ፤ በክፍት አፍ ቁልፍ ተላጥቶ በፒንሳ የተጠበቀ የፍሬን ዳዶ መንገድ ላይ መውጣት የለበትም።

ሲገጠም የተጎዳው ብሎን አይመለስም። ራሱ ላይ 10.9 የሚል ካለበት በ8.8 አይተካ። የመኪናው አምራች አንዴ ብቻ ይገጠም ያለው፣ ሲጠብቅ እንዲለጠጥ ተደርጎ የተሠራ ብሎን ዳግም አይገጠምም። ጥርሱ ላይ ፀረ ዝገት ቅባት ከተቀባ ያው የቁልፍ ጉልበት ብሎኑን ይበልጥ ስለሚወጥረው በደረቁ የተሰጠው የማጥበቂያ ልክ መቀነስ አለበት።

ለባለንብረቶችም አንድ ልመና አለኝ። ከሥር የሚፈታ ነገር ካለ መኪናውን ከቀጠሮው ዋዜማ ማታ አስረክቡ፣ ብሎኖቹ ዘይት ተቀብተው ይደሩ። ባለሙያውም ትራፓኖ ከማንሣቱ በፊት ለባለንብረቱ ደውሎ የሚሆነውን ይንገረው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የመኪና ጥገና ባለሙያ