የመድኃኒቱን ስም በአማርኛ ጻፉልን፦ ለሰሜን ሸዋ ዞን ጤና መምሪያ ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን ጤና መምሪያ ኃላፊ
ደብረ ብርሃን

ክቡር ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን የምኖር የሳይንስ መምህርት ነኝ። ትውልዴ መንዝ ነው። የምጽፍልዎ ስለ አንድ የመድኃኒት ዓይነት ነው። ሐኪሞች ኮርቲኮስቴሮይድ፣ ባጭሩ ስቴሮይድ ይሉታል። እኛ ፕሬድኒሶሎን፣ ዴክሳ፣ «የአስም ክኒን»፣ «የቁርጥማት ክኒን»፣ «የፊት ቅባት» እያልን እንጠራዋለን። እነዚህ ሁሉ የአንድ ቤተሰብ ልጆች መሆናቸውን ብዙ ሰው አያውቅም። እኔም እናቴ እስክትወድቅ ድረስ አላውቅም ነበር።

ከመድኃኒቱ ጋር ጠብ የለኝም። ይህን አስቀድሜ ልናገር። እናቴን አቁሟታል።

እናቴ 61 ዓመቷ ነው። የእጇ መገጣጠሚያዎች ካበጡ ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር። ጠዋት ስትነሳ ጣቶቿ አይታጠፉም። ሊጥ ማቡካት ተወች። ከሁሉ የከፋት ግን እንዝርት መያዝ አለመቻሏ ነው። መንዝ ብርድ አገር ነው። የበግ ጸጉር ተፈትሎ ባና ካልተሠራ ክረምቱ አይገፋም። ሆስፒታል ወሰድናት። የመገጣጠሚያ ብግነት ነው፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ ይባላል አሉን። አንዲት ትንሽ ነጭ ክኒን ታዘዘላት። በአራተኛው ቀን ደወለችልኝ። «ዛሬ ፈተልኩ» አለች። ከዚያ ዝም አለች። እያለቀሰች እንደሆነ ገባኝ።

በኋላ ሳነብ ታሪኩ የቆየ ሆኖ አገኘሁት። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1948 ፊሊፕ ሄንች የሚባል ሐኪም አሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ውስጥ፣ እንደ እናቴ መገጣጠሚያዋ ለታሰረ አንዲት ሴት የዚሁ ቤተሰብ የሆነውን ኮርቲዞን ሰጣት። በቀናት ውስጥ ተነስታ ሄደች። በ1950 ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር ኖቤል ተሸለመ። ግን እዚያም ብዙ ሳይቆይ የጎንዮሽ ጉዳቱ ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ።

ለእናቴ የታዘዘላት የአንድ ወር ነበር። ወሩ አለቀ። ሆስፒታሉ ሩቅ ነው፤ መኪና ተሳፍሮ ደርሶ መልስ፣ አልጋ ይዞ ማደር ይጠይቃል። በመንደሯ አቅራቢያ ያለው ጤና ጣቢያ ደግሞ «የለም፣ ከውጭ ግዙ» ይላል። የጤና መድህን መታወቂያዋን ይዛ ሄዳ በባዶ እጇ ትመለሳለች። ስለዚህ ባዶውን ማሸጊያ ይዛ መድኃኒት ቤት መሄድ ጀመረች። «ይቺን ስጡኝ» ትላለች። ይሰጧታል። የሐኪም ወረቀት የጠየቃት የለም። ስንት ጊዜ ወሰድሽው ያላትም የለም። እንዲህ እያለች ወራት ገፋች።

ክኒኑ ጠዋት ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው። ይህ ያለ ምክንያት አይደለም። መድኃኒቱ የሚመስለው፣ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ኮርቲዞል ከፍ የሚለው ማለዳ ነው፤ ማታ የተዋጠ እንቅልፍ ይነሳል። እናቴ ግን ጿሚ ናት። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። «ከምግብ ጋር» ስለተባለች ክኒኑን ወደ ማታ ወሰደችው። ሌሊቱን ዐይኗ ፈጥጦ ስትፈትል ታነጋለች። እሷ ይህን በረከት ነው ብላ ነበር። ሰው ጿሚ በሆነበት አገር «ከምግብ ጋር» ብሎ ማሰናበት በቂ ነው ትላላችሁ?

ለፋሲካ ስሄድ ጎረቤቱ ሁሉ «ተስማማት፣ ወዟ ተመለሰ» ይላል። እኔም ደስ አለኝ። ፎቶ አነሳኋት። አሁን ያን ፎቶ ደጋግሜ አየዋለሁ። ጉንጮቿ ድቡልቡል ብለዋል፤ ማጅራቷ ወፍሯል። ነጠላዋን የያዘው ክንዷ ግን ቀጥኗል። ቆዳዋ ላይ በረት ስትገባ የተጋጨችበት ቦታ ሁሉ ሰምበር አለ። ፊቷን ብቻ አይቼ ደስ አለኝ።

ነሐሴ ላይ ለፍልሰታ ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ሱባኤ ገባች። ሕመሙ ስለቀለላት ክኒኑን እቤት ትታው ሄደች። በሦስተኛው ቀን አቅለሸለሻት። ከዚያ ማስመለስ ጀመራት። ቆማ ማስቀደስ አቃታት። በአምስተኛው ቀን ራሷን ሳተች። አብረዋት የነበሩ ምእመናን ናቸው ተሸክመው መኪና ላይ ያደረሷት። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ሆስፒታል ስደርስ የደም ግፊቷ በጣም ወርዷል። አንድ ወጣት ሐኪም «እማማ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» አለኝ። አለ አልኩት። «ማን ይባላል?» አለኝ።

አላወቅኩትም። ሳይንስ አስተምራለሁ፤ የእናቴን መድኃኒት ስም ግን አላውቀውም።

መንዝ እህቴ ቤት ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ስድስተኛ ክፍል የሚማረው ልጇ ነው። ማሸጊያውን ከአያቱ ሙዳይ ውስጥ አገኘው። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው። ፊደል በፊደል ያነብልኝ ጀመር። ፒ። አር። ኢ። ዲ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ቀጥሎ ያለው «ኤን ነው ኤም?» እያልኩ እጮሃለሁ። ሐኪሙ አጠገቤ ቆሞ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ፊደላት ሲሰማ እስክጨርስ አልጠበቀም፤ ወደ ክፍሉ ሮጠ። የዚሁ ቤተሰብ የሆነ ሃይድሮኮርቲዞን በደም ሥሯ ሰጧት፤ ግሉኮስ ሰቀሉላት። ማታ ላይ ውሃ ጠየቀች። ያን ልጅ ፊደል ያስቆጠረው መምህር ማን እንደሆነ ባውቅ እጁን እስመው ነበር።

ምን እንደሆነች ሐኪሙ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ከኩላሊቶቻችን በላይ ሁለት ትናንሽ እጢዎች አሉ። ኮርቲዞል የሚሠሩት እነሱ ናቸው። መድኃኒቱ ከውጭ ለሳምንታት ሲገባ እጢዎቹ ሥራ ይፈታሉ። ከሦስት ከአራት ሳምንት በላይ የወሰደ ሰው በአንድ ጊዜ ካቆመ ሰውነቱ ያለ ኮርቲዞል ይቀራል። ክረምቱን ሥራ ፈትቶ የከረመ በሬ በአንድ ጠዋት ጠምደው ቀኑን ሙሉ ረስ ቢሉት መሬት ላይ ይተኛል። ልክ እንደዚያ ነው። ለዚህ ነው ክኒኑ በጥቂት በጥቂቱ እየተቀነሰ የሚቆመው። ይህን አንድ ነገር ማንም ነግሯት አያውቅም። ያዘዘላትም፣ የሸጠላትም።

ጠበሉን የሚወቅስ ሰው እንዳይኖር እፈልጋለሁ። የኤችአይቪ መድኃኒት በመጣ ጊዜ አባቶች ጠበሉንም ጠጡ፣ መድኃኒታችሁንም ዋጡ ብለው አስተምረዋል። እናቴም አንድ ሰው «ይዘሽው ሂጂ» ቢላት ይዛው ትሄድ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለክትትል ስንመላለስ ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ብዙ ሰው አጫውቶኛል። አንዲት እናት ከሸዋ ሮቢት በኩል የመጣች፣ የስድስት ዓመት ልጅ አላት። ጠዋት ጠዋት የልጁ ዐይን አብጦ አይከፈትም ነበር። ኩላሊቱ ፕሮቲን እያፈሰሰ ነው ተባለ። ፕሬድኒሶሎን ሲጀምር እብጠቱ ጎደለ፤ አብዛኞቹ እንዲህ ዓይነት ልጆች ለመድኃኒቱ ጥሩ ምላሽ ይሰጣሉ። ግን ልጁ አሁንም አሁንም ይራባል። ሌሊት ተነስቶ መሶብ ይከፍታል። ሆዱና ፊቱ ተነፋ። ትምህርት ቤት ይስቁበታል። እናቱ «በጤናውም እንዲህ በልቶልኝ አያውቅም፤ ደስ ይበለኝ ወይስ ልፍራ?» ብላ ጠየቀችኝ። ረሃቡ ከመድኃኒቱ መሆኑን፣ ሲቀነስ እንደሚለቀው፣ ጨው መቀነስ እንዳለበት፣ ትኩሳት ከያዘው ሳትውል ሳታድር ማምጣት እንዳለባት የነገራት የለም። መድኃኒቱ የሰውነትን መከላከያ ያዳክማላ። ተኝቶ የነበረ ቲቢ እንኳ ሊቀሰቅስ ይችላል። ልታቆምበት አስባ ነበር።

የቅባቱ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። እዚህ ከተማችን ውስጥ ያስተማርኳት ልጅ ናት። ፊት የሚያቀላ ክሬም ከመዋቢያ ዕቃ መሸጫ ገዛች። ውስጡ ክሎቤታሶል አለ። ይህ ከስቴሮይድ ቅባቶች ሁሉ ኃይለኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊቷ ጠራ፤ ሁሉም «ምን ተቀባሽ?» አላት። ከዚያ ቆዳዋ ሳሳ። የደም ሥሮቿ እንደ ክር መታየት ጀመሩ። ጉንጯ ላይ ጸጉር አበቀለች። ስታቆመው ፊቷ ይቃጠላል፤ ስትቀባው ይበርድላታል። የደብረ ብርሃንን ፀሐይ ያውቁታል፤ ብርዱ ውስጥ ሆኖ የሚለበልብ ነው። ልጅቷ ሻሽ ሳትሸፋፈን ደጅ አትወጣም። 19 ዓመቷ ነው።

ዐይን የሚያሳክካቸው ልጆች ከሱቅ የተገዛ ጠብታ ለወራት ሲጨመርላቸውም ሰምቻለሁ። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ሲቆይ የዐይን ግፊት ይጨምራል። ከዚህ ግፊት በሚመጣው የዐይን በሽታ፣ በግላኮማ፣ የጠፋ ብርሃን አይመለስም።

በአንጻሩ ቀኑ ሳይደርስ ምጥ የመጣባት እናት ዴክሳሜታዞን ስትወጋ የሕፃኑ ሳንባ ይጠነክራል። የሥጋ ደዌ ታማሚ ነርቩ ሲቆጣ እጁ እንዳይሰለል የሚያደርገው ፕሬድኒሶሎን ነው። በኮሮና ጊዜ፣ ሰኔ 2012፣ ዴክሳሜታዞን በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ካሉ ሕሙማን የሚሞቱትን በአንድ ሦስተኛ እንደሚቀንስ ተሰማ። ኦክስጅን ለማያስፈልገው ሰው ግን ጥቅም አልተገኘበትም። ያኔ የተሰማው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «ያለ ወረቀት የሚሸጡትን ዝጉልን» የሚል ነበር። ተናድጄ ነበራ። ሳስበው ግን አደገኛ ነው። ነገ መደብሮቹ ሁሉ በአንድ ቀን «ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንሸጥም» ቢሉ፣ እንደ እናቴ ለወራት የወሰዱት ሰዎች በአንድ ቀን ያቆማሉ። ፍልሰታ ላይ በእሷ የደረሰው በየመንደሩ ይደርሳል። ስለዚህ ቁጥጥሩ ይምጣ፤ ግን ከጤና ጣቢያው በኋላ ይምጣ። አስቀድሞ ጤና ጣቢያዎቹ ፕሬድኒሶሎን አይጥፋባቸው። ዋጋው ውድ የሆነ መድኃኒት አይደለም። አስቀድሞ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹ ቤት ለቤት ሲሄዱ «ማሸጊያውን አሳዩኝ» ይበሉ። የሚወስደው ሰው ይታወቅ። ከዚያ ጤና ጣቢያው ይረከበው፣ ይቀንስለት። መደብሩም «ባዶ ማሸጊያ ይዘህ ከመጣህ ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ» ብሎ ይላከው። መዋቢያ መሸጫ ውስጥ ያለውን ክሬም ግን ዛሬውኑ ይሰብስቡት። እዚያ ምንም መቆየት የለበትም። ተጠቃሚዎቹም በራሳቸው ከማቆም ሐኪም እንዲያዩ ይነገራቸው።

ዋናው ልመናዬ ግን ካርድ ነው። መታወቂያ የሚያህል ካርድ። እነዚህን መድኃኒቶች ከሦስት ሳምንት በላይ ለሚወስድ ሁሉ በአማርኛ ተጽፎ ይሰጠው። አፋን ኦሮሞ ወይም አርጎብኛ ለሚናገሩም በቋንቋቸው እንደዚያው። ሌሎች አገሮች ይህን ካደረጉት ቆይተዋል። ገንዘብ የለም እንዳይሉኝ አንድ ሉክ ወረቀት ብዙ ካርድ ያወጣል።

እናቴ አሁን ደህና ናት። መገጣጠሚያዋን የሚይዝላት ሌላ መድኃኒት ተጀምሮላት ፕሬድኒሶሎኑ ወደ 5 ሚሊ ግራም ወርዷል። ጠዋት ጠዋት በልታ ትውጠዋለች፤ የነፍስ አባቷን አስፈቅዳ ነው። ማሸጊያው ላይ ካለው እንግሊዝኛ ይልቅ እኔ በእጄ የጻፍኩላትን ወረቀት ታምናለች። በፕላስቲክ ጠቅልላ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራዋለች። እንዲህ ይላል፦

«ፕሬድኒሶሎን እወስዳለሁ። በድንገት ማቆም የለብኝም። ጾምም ቢሆን ጠበልም ቢሆን መድኃኒቴ አብሮኝ ይሄዳል። ካስመለሰኝ፣ ራሴን ከሳትኩ፣ ከተጎዳሁ ወይም ቀዶ ጥገና ካስፈለገኝ ይህን ለሐኪሙ አሳዩልኝ። መጠኑ፦ 5 ሚሊ ግራም፣ ጠዋት። የጀመርኩበት ቀን፦ ... የልጄ ስልክ፦ ...»

ሐኪሞቻችሁ የጎደለውን ይጨምሩበት፣ የተሳሳተውን ያርሙት። ከዚያ በመምሪያው ማኅተም አሳትሙልን። ናሙናውን ቢሮዎ ድረስ ይዤ ለመምጣት ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት መምህርት
ደብረ ብርሃን