ጁገልን ለእግረኛ ተዉልን

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰሞኑን በዚሁ የአንባቢያን ዓምድ አንድ ወንድማችን «ሐረር ቱሪስት እንዲበዛላት ከተፈለገ የጁገል ቀጫጭን መንገዶች ቢያንስ ባጃጅ በሚያሳልፍ መጠን ይስፉ፤ ፈረንጅ መራመድ ይሰለቸዋል» ብለው የጻፉትን አንብቤ ዝም ማለት አልሆነልኝም። አስጎብኚ ነኝ። እንጀራዬ በግንብ በታጠረችው አሮጌ ሐረር፣ በጁገል፣ እነዚያን ቀጫጭን መንገዶች እንግዳ አስከትሎ መዞር ነው። ለጸሐፊው መልስ አለኝ፤ መልሱን ግን ያገኘሁት ጃፓን ውስጥ ነው።

ታናሽ እህቴ ካናዛዋ በምትባል ከተማ ትሠራለች። ባለፈው ኅዳር መጨረሻ ትኬት ልካልኝ ሄድኩ። ካናዛዋ በጃፓን ባሕር በኩል ያለች፣ ማኤዳ የሚባሉ መሳፍንት ለዘመናት የገዟት የቤተ መንግሥት ከተማ ነበረች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ስላልተጣለባት አሮጌ ሰፈሮቿ ዛሬም ቆመዋል። ፈጣኑ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2015 ከገባላት ወዲህ ደግሞ ከቶኪዮ የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ሆናለች። እህቴ በዕረፍቷ ቀን ታክሲ ልትጠራ ስትል «በእግር ነው የምንሄደው» አልኳት። «ወንድም ጋሼ፣ ዝናብ አለ እኮ!» አለችኝ። የአገሩ ሰው ራሱ «ምሳህን ብትረሳ ጃንጥላህን አትርሳ» ይላል አሉ። ጃንጥላችንን ይዘን ወጣን።

ባቡር ጣቢያው ደጃፍ ላይ በከበሮ አምሳል የተሠራ ግዙፍ የእንጨት በር አለ፤ መንገደኛው ሁሉ እሱን ፎቶ ያነሳል። የእኔን ዓይን የያዘው ከእግሬ ሥር የነበረው ቢጫ ንጣፍ ነው። ከመሬቱ ከፍ ከፍ ያሉ ምልክቶች አሉት፤ መስመር መስመር የሆነው «ቀጥል»፣ ነጠብጣቡ «ቁም፣ አስተውል» ማለት ነው፤ ዓይነ ስውር በዘንጉና በጫማው ሶል ያነበዋል። ፈጠራው የጃፓኖች ነው፤ መጀመሪያ የተነጠፈው ኦካያማ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ያን ንጣፍ ተከትለን ከጣቢያው ወጣን። ከዚያ በፊት ግን ሻንጣችንን ሳንቲም በሚበላ ሳጥን ቆልፈን እጃችንን ነፃ አድርገናል። ሻንጣ የሚጎትት እንግዳ ስንት ጊዜ ከጁገል መግቢያ፣ ከሸዋ በር፣ መልሰኝ ብሎኛል!

ከጣቢያው ሩብ ሰዓት ያህል እንደሄድን ኦሚቾ የሚባለው ገበያ ደረስን። ዓይን አዋጅ ሆነብኝ። ወራቱ የሸርጣን ነው፤ እግራቸው የታሰረ ቀያይ ሸርጣኖች በበረዶ ላይ ተደርድረዋል፣ ነጋዴዎቹ እንደ ሐረሩ ግድር መጋላ ገበያ ሴቶች እየጮሁ ይጠራሉ። ጾመ ነቢያት በመግባቱ እኔ ማየት ብቻ ነበር የተፈቀደልኝ። (ጾሙ ባይኖርም ሸርጣን አልበላም ነበር፤ ይህን ለእህቴ አልነገርኳትም።) እሷ ትኩስ የተጠበሰ ስኳር ድንች በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። ከሐረርጌ ስኳር ድንች ይልቅ ይጣፍጣል ብል አገር ቤት ማን ያስገባኛል? ልጣጩን የምጥልበት አጥቼ ግን ግማሽ ቀን በኪሴ ይዤው ዞርኩ። በዚያ አገር መንገድ ላይ የቆሻሻ ቅርጫት ማግኘት ጭንቅ ነው፤ ሰው ቆሻሻውን ይዞ ቤቱ ይገባል። ይህ አልተመቸኝም፣ አልክድም።

ልቤን የወሰደው ናጋማቺ የሚባለው የሳሙራዮች (የጥንት የጃፓን ተዋጊዎች) ሰፈር ነው። እንደ ጁገል ጠመዝማዛና ጠባብ ነው፤ የጥንቱ ገዢዎች የከተማውን መንገድ እንዲህ የሚያጣምሙት የመጣ ጠላት ግራ እንዲገባው ነበር። ግራና ቀኙን የጭቃ አጥር ያጥረዋል፣ ከጎኑ የቦይ ውሃ ይወርዳል። እኛ የደረስነው ለክረምቱ ዝግጅት ላይ ሳሉ ነበር። ሠራተኞች ከአጥሩ ክዳን ሥር በገለባ የተሠራ ምንጣፍ እየሰቀሉ ያለብሱታል፣ አንዱ ይዘረጋል፣ ሌላው በገመድ ያስራል። ምንጣፉ ከሌለ በረዶው ጭቃው ላይ ይለጠፋል፣ እርጥበቱ ወደ ውስጥ ይገባና ቀዝቅዞ ሲጠጥር ጭቃውን ይፈለፍለዋል። ስለዚህ በየዓመቱ በፈረንጆቹ ታኅሣሥ ወር መግቢያ ላይ ይለብሳል፣ በመጋቢት ይወልቃል። ሥራው የከተማው አስተዳደር ነው። ቆሜ ሳያቸው አንዱ ሠራተኛ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠኝ፣ እኔም ጎንበስ አልኩ፣ እሱም ደገመ፣ እህቴ ጎትታ ባታስጥለኝ እዚያው ስንጎነበስ ይመሽብን ነበር።

ጸሐፊው ወንድሜ ይህን ልብ ይበሉልኝ፦ ይህች ከተማ ከቦምብ ተርፋ በልማት ልትጠፋ ነበር። በስድሳዎቹ ዓመታት (በነሱ አቆጣጠር) አሮጌው ቤት ሁሉ ፈርሶ በኮንክሪት ሲተካ የካናዛዋ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1968 የድሮውን ገጽታ የሚጠብቅ ደንብ አወጣ። በጃፓን ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ያኔ «መኪና እንዲገባ እናስፋው» ቢሉ ኖሮ ዛሬ ናጋማቺን ለማየት ከአፍሪካ ቀንድ ድረስ ማን ይሄድ ነበር?

ስለ ኬንሮኩኤን ብዙ አላወራም፤ ከጃፓን ሦስት ዝነኛ የአትክልት ሥፍራዎች አንዱ ነው፣ ያማረ ነው፣ የጥድ ቅርንጫፎቹ በረዶ እንዳይሰብራቸው ከመሐል ምሰሶ በገመድ ተወጥረው ታስረዋል። ማምሻውን እ.ኤ.አ. በ1820 የተመሠረተውን የእንጨት ሻይ ቤቶች ሰፈር አየን፤ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ አብዛኛው ሱቅ ተዘግቶ ጭር አለ። ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የሚያወጋ አንድ ሰው አላየንም። በዚህ ጁገል ትበልጣለች፤ እኛ ዘንድ እንግዳ ካልተጠነቀቀ ሦስት ቤት ቡና ሳይጠጣ አያልፍም።

አሁን ወደ ነጥቤ ልምጣ። ቀኑን ሙሉ ተራመድን፣ አልሰለቸንም። ለምን? ሲደክመን የምንቀመጥበት ነበር። መንገዱ ዳር ካርታ አለ፤ ካርታው ላይ ከላይ የሚታየው ብዙ ጊዜ ሰሜን ሳይሆን ከፊትህ ያለው ነው፣ ስለዚህ ማንም ይገባዋል። ከሁሉ በላይ ግን ገበያው ውስጥ፣ አትክልት ሥፍራው ውስጥ፣ አሮጌው ሰፈር ውስጥ ንጹሕና ነፃ መፀዳጃ ቤት አለ።

የእኔ እንግዶች ሁለት ሰዓት ሳይሞላ «ወደ ሆቴል እንመለስ» ሲሉኝ ጸሐፊው እግራቸው የደከመ ይመስላቸዋል። ከእግራቸው በፊት የሚያስመልሳቸው ፊኛቸው ነው። ስንት አዛውንት እንግዳ ይዤ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ከማውቃቸው ነጋዴዎች ደጅ የመፀዳጃ ቁልፍ ስለምን እንደዋልኩ እኔና አላህ፣ ይቅርታ፣ እኔና እግዚአብሔር እናውቃለን (ጁገል ውስጥ የሚውል ሰው አፉ እንዲህ ይለምዳል)። ጁገል 48 ሄክታር ናት፤ በዚያች አንድ ቀን የረገጥነው መንገድ ጁገልን ከጫፍ ጫፍ ደጋግሞ ያስኬዳል። ርቀት ሰበብ አይሆንም። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት ከነቀጫጭን መንገዶቿ ነው።

ለታማሚና ለወላድ፣ ለእሳት አደጋ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ነው፣ የነዋሪው ጉዳይ ነው፤ በዚያ እንነጋገር። በቱሪስት ስም ግን ግድግዳ አይነካ።

ለሚመለከተው የከተማው አስተዳደር የማቀርበው ጥያቄ ውድ አይደለም። ፈረስ መጋላ አካባቢ አንድ፣ ኤረር በር አጠገብ አንድ መፀዳጃ ቤት ይሠራ፤ ወጣቶች ተደራጅተው በትንሽ ክፍያ ያስተዳድሩት፣ ውሃውንና ጽዳቱን ከዚያው ይሸፍኑ፣ ለሰፈሩ ሰው ነፃ ይሁን። ሸዋ በር ላይ ሻንጣ የሚጠብቅ አንድ ክፍል ይከፈት። የየመንገዱ ስም ሽማግሌዎች ሳያልፉብን ተጠይቆ በሐረሪ፣ በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ግድግዳ ላይ ይጻፍ፤ ከሥሩ ወደሚቀጥለው በር በእግር ስንት ደቂቃ እንደሆነ ይታከልበት። ደቂቃውን ለመለካት ሰው ካስፈለገ እኔና ጓደኞቼ ያለ ክፍያ እንለካለን።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የጁገል አስጎብኚ፣ ከሐረር