«ኬ-3» የእኛ ጓሮ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ቀበና ወንዝ ዳር ተወልጄ፣ እዚያው አድጌ፣ እዚያው ልጆች አሳድጌ ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞላኝ። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ሳይንስ ጥናት ነው። ጥናቱ የሚሠራው በጓሮዬ ስለሆነ ያገባኛል።

ከአራት ዓመት በፊት፣ ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ ጎደል ሲል፣ ሦስት ተማሪዎች በሬን አንኳኩ። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ናቸው። ቦቲ ጫማ አድርገዋል፣ ጓንት አጥልቀዋል፣ የበረዶ ሳጥን ተሸክመዋል። «እትዬ፣ በጓሮዎ አልፈን ውሃ እንቅዳ?» አሉኝ። ግቡ አልኳቸው። ቡና አቅርቤ ስለነበር እኔም ተከትያቸው ወረድኩ።

ልጅቷ ገመድ ያለው መሣሪያ ውሃው ውስጥ ነከረች። ትንሿ መስኮት ላይ ቁጥር መጣ። ውሃ ውስጥ የሟሟ ኦክስጅን ነው የምለካው አለችኝ፤ ዓሣ የሚተነፍሰው እሱን ነው። አንደኛው ልጅ ደግሞ ወንዙ መሃል ቆሞ ድንጋዩን በእግሩ ይረግጣል። ከታች በኩል መረብ ዘርግቶ ወራጁን ይይዛል። የያዘውን ነጭ ትሪ ላይ ገለበጠው። ጎንበስ ብዬ ሳይ እንደ ስፌት ክር የቀጠነ ቀይ ነገር ይተጣጠፋል። «ደም ነው እንዴ?» አልኩ።

ደም አልነበረም። የማትናከስ የትንኝ ዓይነት አለች፣ የእሷ እጭ ነው አለኝ። ቀይ ያደረገው የእኛንም ደም ቀይ የሚያደርገው ሄሞግሎቢን ነው። ኦክስጅን በጠፋበት ጭቃ ውስጥ የምትኖረው በእሱ እየታገዘች ነው። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ሌላ ዓይነት ነፍሳት አሉ፤ ጅራታቸው እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ብዙዎቹ ባለ ሦስት ክር። እነሱ ቆሻሻ አይችሉም። እነሱ ጠፍተው ቀዩ ብቻ ከበዛ ውሃው ታሟል ማለት ነው። ለምን በውሃው ብቻ እንደማይፈርዱም ነገረኝ። ውሃ አላፊ ነው፤ ጠዋት የተጣለበት ነገር ማታ የለም። ነፍሳቱ ግን እዚያው ስለከረሙ ያዩትን ሁሉ በገላቸው ይመሰክራሉ። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ያንን ትሪ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ልጅቷ ውሃውን ቀድታ ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ «ኬ-3» ብላ ጻፈችበት። ምንድነው ብዬ ጠየቅኩ። ኬ ቀበና ነው፣ ሦስት ደግሞ ከላይ ከእንጦጦ በኩል ሲቆጠር ሦስተኛው ቦታ ነው አለችኝ። ጓሮዬ ስም እንዳለው ያን ቀን አወቅኩ። ከዚያ ረጅም ቅጽ አውጥተው ጠየቁኝ። ቤተሰብ ስንት ነው? መጸዳጃው የት ነው? ባለፉት ሁለት ሳምንታት ተቅማጥ የያዘው ልጅ አለ? ሁሉንም መለስኩ። ቡናውን እስከ ሁለተኛው ጠጡ። ሲሄዱ «ውጤቱን እናመጣለን እትዬ» አሉኝ።

አልመጡም። ከእነሱ በኋላ ከሌላ ቦታ የመጡ ሁለት ቡድኖችም እንዲሁ ቀድተው ሄዱ። ልጆቹን አልወቅስም። ተማሪ ነው፤ ይመረቃል፣ ሥራ ፍለጋ ይበተናል። ውጤቱን ለሰፈሩ ሰው መልስ ብሎ ያዘዘው የለም።

እኛ ሰፈር ግን ጥያቄው የወረቀት ጥያቄ አይደለም። ጎረቤቴ ጋሼ በወንዙ ዳር ጎመንና ቆስጣ ያለማ ነበር፤ ሁላችንም ከእሱ ነው የምንገዛው። ይበላል ወይስ አይበላም? ይህን የሚመልስልን አጣን። እኔ በአቼቶ አጥቤ፣ ደህና አድርጌ ቀቅዬ ነበር ለልጆቼ የማቀርበው። በቃ ጸድቷል እላለሁ። በኋላ ልጄ ስልኩ ላይ እያነበበ ነገረኝ። በአቃቂ ወንዞች ስለሚለሙ አትክልቶች የተሠራው ጥናት ብዙ ነው አለኝ። እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ክሮሚየም የሚባሉ ብረቶች አንዳንዱ አትክልት ላይ ከሚፈቀደው በላይ ተገኝተዋል። ክሮሚየም ቆዳ ለማልፋት ይውላል። ቅጠላቸው የሚበላው፣ ማለትም ሰላጣ፣ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ብረቱን ከሌላው የበለጠ ይሰበስባሉ። መቀቀል ደግሞ ጀርም ይገድላል እንጂ ብረት አያጠፋም። ይህን የሰማሁት ልጆቼን አሳድጌ ከጨረስኩ በኋላ ነው። በእንግሊዝኛ ተጽፎ ከተቀመጠ ግን ስንት ዓመቱ!

ነገሩ የቀበና ብቻ አይደለም። የእኛ ወንዝ ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባል፣ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ አዋሽ። አዋሽ ቆቃን አልፎ፣ መተሐራን አልፎ፣ አፋር በረሃ ይወርዳል። ባሕር አይደርስም። ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። እኛ እዚህ የጣልነውን የሚጠጣ ከብትና የሚያለማበት ገበሬ መንገዱን ሙሉ አለ።

ሳይንቲስቶቻችን በቋንቋችን ሲነግሩን ምን እንደሚመስል ደግሞ አይቻለሁ። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ የገና ሰሞን ሌሊት፣ አልጋዬ ሲንቀጠቀጥ ነቃሁ። መብራት ሳበራ የስፌት መኪናው ላይ የደረደርኳቸው የክር ጥቅሎች ወለሉ ላይ ተንከባለዋል። ከኮንዶሚኒየሙ ሰው ብርድ ልብስ ለብሶ፣ ሕፃን ታቅፎ ወርዷል። በነጋታው ስልክ ሁሉ ወሬ ሞላበት። አዲስ አበባ ልትሰምጥ ነው ተባለ። ዛሬ ማታ በዚህ ሰዓት ትልቁ ይመጣል ተባለ። ጎረቤቴ ሁለት ሌሊት ደጅ አደረች።

እሷን ቤቷ ያስገባት ሬዲዮ ነው። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደ ፕሮፌሰር አታላይ አየለ ያሉ የመሬት መንቀጥቀጥ ባለሙያዎች ወጥተው በአማርኛ አስረዱን። መነሻው እዚህ አይደለም፣ ፈንታሌና ዶፈን የሚባሉት እሳተ ገሞራዎች አካባቢ ነው። ከመሬት ሥር የቀለጠ ዓለት እየተንቀሳቀሰ አለቱን ይሰነጥቀዋል። ቀንና ሰዓት ቆርጦ የመሬት መንቀጥቀጥ ይመጣል ማለት የሚችል ሰው በዓለም ላይ የለም። ይህችን የሰማ ሰው ስልኩ ላይ «ዛሬ ማታ በሦስት ሰዓት» የሚል ሲያይ ውሸት መሆኑን ወዲያው ያውቃል።

ያን ሰሞን ብዙ ነገር ተማርን። ስምጥ ሸለቆው በዓመት እንደ ስንዴ ፍሬ ርዝመት፣ አምስት ሚሊ ሜትር ያህል፣ እየሰፋ ነው። አንዳንዴ ግን በአንድ ጊዜ ይከፈታል። እንደ ፈረንጆቹ በ2005 አፋር ውስጥ ደባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት በጥቂት ሳምንታት ተሰንጥቆ፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ሰፍቷል። አራት ኪሎ ደግሞ ይህን ሁሉ የሚመዘግብ የጂኦፊዚክስ ጣቢያ ከ60 ዓመት በላይ ኖሯል። በዚያ በር ስንቴ ተመላልሻለሁ፤ ውስጡ የምድር ትርታ እንደሚለካ አላውቅም ነበር።

የአየር ጠባዩም ቢሆን እኮ ከዜና በኋላ በአማርኛ ይነገረናል። በጋ፣ በልግ፣ ክረምት እየተባለ የየወቅቱ ትንበያ ይሰጣል። ገበሬውም እኔም እንረዳዋለን። ስለዚህ ቋንቋው አይበቃም የሚለኝን ሰው አልቀበልም።

ተመራማሪዎቹን የሚያሰጋቸውን ነገር እገምታለሁ። የተማሪ ጥናት ነው፣ ገና አልተጣራም፣ ሕዝብ ይደናገጣል ይሉ ይሆናል። ያልተጣራ ከሆነ «ገና አልተጣራም» በሉን፤ እንረዳለን። ቁጥሩን ከእውነቱ የሚያስበልጥ ነገር ካለም ንገሩን። እኛን የሚያስደነግጠን ጓንት ያጠለቀ ሰው መጥቶ ውሃችንን ቀድቶ ምንም ሳይል ሲሄድ ነው።

የምጠይቀው ከባድ አይደለም። አንድ ጥናት ሰፈር ውስጥ ከተሠራ አንድ ገጽ በአማርኛ ይጻፍ። ምን ለካን? ምን አገኘን? እናንተስ ምን ብታደርጉ ይሻላል? በቃ። ገጹ ለእድር ይሰጥ። ወረዳ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ማንም አያነበውም፤ የእድር ስብሰባ ግን ቅጣት ስላለው ሰው አይቀርም። የእድራችንን ዳኛ አማክሬ አሥር ደቂቃ እንሰጣለን ብለውኛል። መምህራኑ ደግሞ ተማሪው ከመመረቁ በፊት ይህን ገጽ ይጠይቁት። እናንተ በበኩላችሁ ጋዜጣው ላይ በሳምንት አንድ ጥግ ብትከፍቱላቸው፣ ቅጠላ ቅጠል የምትሸጠውም ሴት ታነበዋለች።

አሁን ወንዛችን ዳር የእግር መንገድና መናፈሻ እየተሠራ ነው። ደስ ይላል። ልጆች ሆነን የዋኘንበት ወንዝ ነው፤ ልብስ ያጠብንበት። ግን ዳርቻው ማማሩን ዓይኔ ያያል፣ ውሃው መዳኑን ግን አያይም። ይህን የሚነግረን ያው ትሪ ነው። ያኔ የተቀዳበት ቦታ፣ «ኬ-3»፣ ዛሬ እንደገና ይለካ። ቀዩ እጭ ቀነሰ? ሦስት ጅራት ያላቸው ተመለሱ? ኦክስጅኑስ? የያኔው ቁጥር አንድ ቦታ ተቀምጧል፤ ማወዳደር ብቻ ነው የቀረው።

ያቺ ልጅ ይህን ካነበበች፣ አልተቀየምኩሽም በሉልኝ። እድራችን የሚሰበሰበው ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ነው። በሩ ያው ሰማያዊው ቆርቆሮ ነው። ያኔ ያልጠጣችው ሦስተኛው ቡናም አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀበና ነዋሪ፣ አዲስ አበባ