ከሥልጠናው በኋላ ማን ይከታተል?

ለአዘጋጁ፦

ሐዋሳ የሥልጠና ከተማ ናት። ሐይቁ ዳር ባሉት ሆቴሎች ባነር የማይሰቀልበት ሳምንት ጥቂት ነው። የጤና ባለሙያዎች ስለ ሕፃናት የአእምሮ ጤና መሠልጠናቸው ደስ ይለኛል፤ የሚያሳስበኝ ሠልጣኙ ሰርተፍኬቱን ይዞ ጤና ጣቢያው ከተመለሰ በኋላ ያለው ነው።

በማስተምርበት ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል የገባ አንድ ልጅ አለ። ስሙ ሲጠራ ዞር አይልም፤ ደወል ሲደወል ግን ሁለት ጆሮውን ይዞ ዴስክ ሥር ይገባል። እናቱ መጀመሪያ ጠበል ወሰደችው። አልፈርድባትም፤ እኔም ብሆን እወስደው ነበር። ቀጥላ ጤና ጣቢያ ስትሄድ የሠለጠነው ነርስ ተዛውሯል፣ የተተካም የለም። «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» ተብላ ተመለሰች። ገበያ ስትወጣ በር ቆልፋበት እንደምትሄድ የነገረችኝ እያለቀሰች ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. የጀመረውና አገራችንም የተቀበለችው ኤምኤች ጋፕ የተባለ ፕሮግራም፣ ስፔሻሊስት በሌለበት ነርሱና ጤና መኮንኑ የአእምሮ ሕመምን እንዲያክሙ ታስቦ የተዘጋጀ ነው። የልጆችና የወጣቶች ክፍልም አለው። ሆኖም ኦቲዝምን (ልጅ ከሰው ጋር መግባባት የሚከብድበትን የእድገት ችግር) ከመስማት ችግር መለየት በጥቂት ቀን ሥልጠና ብቻ እጅ አይገባም፤ ልምድ ያለው ባለሙያ እየመጣ አብሮ ማየት አለበት።

ይበልጥ የምጓጓው ግን ለወላጆች ሥልጠና ነው። ያው ድርጅት የእድገት መዘግየት ላለባቸው ከ2 እስከ 9 ዓመት ልጆች ወላጆች ያዘጋጀው አለ፤ 9 ጊዜ በቡድን ይሰበሰባሉ፣ 3 ጊዜ ደግሞ አሠልጣኙ ቤታቸው ይሄዳል። አሠልጣኙ የግድ ሐኪም መሆን የለበትም። እናት ልጇን እንዴት እያጫወተች እንደምታግባባው፣ ሲረበሽ ምን እንደምታደርግ፣ የራሷንም ጭንቀት እንዴት እንደምታቀል ትማራለች። አዲስ አበባ ላይ ተሞክሯል። እዚህስ? የከተማችን ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት መዞሩን ለምደውታል።

የክልሉ ጤና ቢሮ ሥልጠና ሲያቅድ ከአበሉ ጎን የክትትል በጀትም ይያዝ። ከየጤና ጣቢያው ቢያንስ ሁለት ሰው ይሠልጥን፤ አንዱ ቢዛወር ሌላው ይቀራል። የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ባለሙያዎችም በወር አንድ ቀን እየወጡ ያግዟቸው። ለወላጆቹ መሰብሰቢያ ከጠፋ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ክፍሎቻችን ባዶ ናቸው፤ ርእሰ መምህሩን የማስፈቅደው እኔ ነኝ።

የመጀመሪያ ደረጃ መምህርት፣ ከሐዋሳ